የትኛው ቤት ነው ኳሱን በወጉ የሚያሳየን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች የሚያነሡት ተቀራራቢ ጉዳይ ነው፤ በአዲስ አበባ የእግር ኳስ ጨዋታን በቀጥታ ስርጭት ለማየት የሚያመች ቤት እንዴት ይገኛል? የመጀመሪያው ጠያቂ ብዙ ነገር ስለነካካ ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ከተዛወርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ የምኖረውም ገርጂ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ኳስ የምናይበት ቤት ፍለጋ ከቦሌ እስከ ሃያ ሁለት ያልገባንበት የለም ማለት እችላለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቀን ምሰሶ፣ አንድ ቀን ሙዚቃ፣ አንድ ቀን ደግሞ ጠብ እያጋጠመን አንድም ጨዋታ በወጉ ሳናይ የውድድር ዓመቱ ሊያልቅ ነው። ከአራታችን ሁለታችን የአርሰናል፣ አንዱ የማንችስተር ዩናይትድ፣ አንዱ ደግሞ የሊቨርፑል ደጋፊ ሲሆን፣ ከመካከላችን አንዱ መጠጥ አይጠጣም። ጥሩ ቤት በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ምሰሶውም፣ ሙዚቃውም፣ ጠቡም ከአንድ ነገር የመጡ ይመስለኛል፤ እናንተ ወደ እነዚህ ቤቶች የምትሄዱት ትልቅ ጨዋታ ባለበት ቀን ብቻ ነው። አርሰናልና ዩናይትድ በሚገናኙበት ቀን ቤቱ ሁሉ ጢም ብሎ ስለሚሞላ ባለቤቱ ማንንም ለማስደሰት አይጨነቅም፤ እናንተም የተረፈውን ወንበር ይዛችሁ የቤቱን ትክክለኛ ጠባይ ሳታዩት ትመለሳላችሁ። ስለዚህ በደረጃው ሰንጠረዥ አጋማሽ ላይ ያሉ ሁለት ቡድኖች በሚጫወቱበት፣ ማንም በማይጓጓለት ምሽት አንድ ወይም ሁለት ሆናችሁ ሂዱና ቤቱን ሞክሩት። በዚያ ምሽት አስተናጋጁ ሳይለመን ጨዋታውን ከከፈተ፣ ሙዚቃውን ዘግቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከለቀቀ፣ ባለቤቱም ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ራሱ የሚያይ ከሆነ፣ በትልቁ ቀንም ኳሱን ትቶ ዘፈን እንደማይከፍትባችሁ ከሞላ ጎደል መተማመን ትችላላችሁ። በተቃራኒው ግን «ሰው ስለሌለ ነው እንጂ ቅዳሜ ድምፅ እናደርጋለን» የሚላችሁን ቤት አትመኑት።

በዚያው የሙከራ ምሽት ቤቱ ባዶ ስለሚሆን በየወንበሩ እየተቀመጣችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ከምሰሶ የሚያድነው ይህ ብቻ ነው። ቆመው ሲያዩት በደንብ የሚታየው ቴሌቪዥን ሲቀመጡ በፊት ለፊት ሰው ራስ ሊጋረድ ይችላል፤ ይህ እንዳይሆን ብለው ወደ ጣሪያው አስጠግተው የሚሰቅሉት ቤቶች ደግሞ ከሥሩ የሚቀመጠውን ሰው አንገት ይጨርሱታል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው ቤት ልክ ከስክሪኑ ሥር ተቀምጬ፣ ጎል መግባቱን ከፊቴ ከነበሩት ሰዎች አፍ እየተረዳሁ ሙሉውን ዘጠና ደቂቃ አሳልፌያለሁ፤ ያን ዕለት ያየሁት ጨዋታውን ሳይሆን የተመልካቾቹን ፊት ነው። ወደ መጸዳጃ ቤትና ወደ ማዕድ ቤት በሚወስደው መተላለፊያ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛም ተዉት፤ የሚመላለሰው ሰው በሙሉ በእናንተና በስክሪኑ መካከል ያልፋል።

ትልቅ ስክሪን ሁልጊዜ ጥሩ ስክሪን አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። በረንዳ ላይ ወይም በድንኳን ሥር በፕሮጀክተር የሚያሳዩ ቤቶች ከጨለመ በኋላ የሚያስደስቱትን ያህል በቀን ብርሃን ኳሷ የት እንዳለች እንኳ አይለዩም። ስለዚህ የቀኑን ጨዋታ ውስጥ ባለ ቴሌቪዥን፣ የማታውን ደግሞ ከፈለጋችሁ ውጭ ባለው ፕሮጀክተር ማየት ይሻላል፤ ለሁለቱም አንድ ቤት ብቻ መያዝ ግዴታ አይደለም።

ሰዓት በዚህ ከተማ ከሚታሰበው በላይ ቤትን ይለውጣል። የእንግሊዝ የክረምት ሰዓት በሚሠራበት ጊዜ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እስከ መጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ገደማ፣ ልዩነታችን ሦስት ሰዓት ነው፤ የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ የመካከለኞቹ ጨዋታዎች ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ የማታው ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። እነርሱ ሰዓታቸውን ሲያስተካክሉ ልዩነቱ ወደ ሁለት ሰዓት ስለሚወርድ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ በመጋቢት ማገባደጃ ይህንን ረስተው ለሁለተኛው አጋማሽ የሚደርሱ ሰዎች በየዓመቱ አይጠፉም። የ9 ሰዓት ተኩሉን ጨዋታ ካፌዎችም ስለሚያሳዩት በማኪያቶና በሻይ ማየት ይቻላል፤ የማይጠጣው ባልደረባችሁም እንደ ልቡ የሚሆነው በዚህ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጨዋታ ጀምሮ ግን ቤቱ ለድራፍት ጠጪው ይለቀቃል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዞ የተቀመጠን ሰው በክፉ ዓይን የሚያዩ ቤቶች አሉና አስተናጋጁን ቀድማችሁ ጠይቁት። ጨዋ ቤት ከሆነ «ችግር የለም፣ ምግብም አለን» ይላችኋል።

የሻምፒዮንስ ሊግ ምሽቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። በክረምቱ ሰዓት ዋነኞቹ ጨዋታዎች በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ስለሚጀምሩ የሚያልቁት ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ በጥሎ ማለፉ ዙር ተጨማሪ ሰዓትና የፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በ85ኛው ደቂቃ ወንበር መገልበጥ የሚጀምር ቤት ምን እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ የምትጠይቁት «ኳሱን ታሳያላችሁ ወይ» ብላችሁ ብቻ ሳይሆን «እስከ መጨረሻው ትቆያላችሁ ወይ» ብላችሁም ይሁን። ከገርጂ ርቃችሁ ከሆነም በዚያ ሰዓት ራይድ የሚገባበት መንገድ መኖሩን ማረጋገጥ አለባችሁ፤ ለእነዚህ ምሽቶች በእግር የሚደረስበት መካከለኛ ቤት በታክሲ ከሚኬድበት ግሩም ቤት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከእነዚህ ጨዋታዎች ግማሹ የሚውለው ረቡዕ ነው፤ የሁዳዴ ጾምም ከጥሎ ማለፉ ዙር ጋር ይገጣጠማል። ከእናንተ መካከል ጿሚ ካለ፣ ጥብስና ክትፎ ብቻ የሚሠራ ቤት ውስጥ ቆሎ እየቆረጠመ ማምሸቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. የኳታር ዓለም ዋንጫ ጊዜ ይህ በደንብ ታይቷል፤ ኳታር ከእኛ ጋር የሰዓት ልዩነት ስለሌላት ጨዋታዎቹ በሚመች ሰዓት ደርሰውን ነበር፣ ፍጻሜውም እሑድ ታኅሣሥ 9 ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነበር፤ ነገር ግን ውድድሩ ከመክፈቻዎቹ ቀናት በስተቀር በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለወደቀ በያይነቱና ሽሮ በሰዓቱ ማውጣት የቻሉ ቤቶች ደንበኛ ሲሻሙ፣ የሥጋ ቤቶቹ ብዙ ወንበር ባዶ ሆኖባቸው ነበር። አርጀንቲናና ፈረንሳይ 3 ለ 3 ተለያይተው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄዱ እኔ ያለሁበት ቤት ሽሮው አልቆ ዳቦ በሚጥሚጣ እየቀረበ ነበር፤ ማንም ግን አላማረረም።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። አራታችሁ የሦስት ቡድን ደጋፊዎች ስለሆናችሁ የአንድ ቡድን ቤት ተብሎ የታወቀ ቤት አይሆናችሁም። እንዲህ ያሉ ቤቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ማሊያና ባንዲራ ይነግራችኋል፤ ለዚያ ቡድን ደጋፊ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ የለም፣ ለሌላው ግን ጎል ሲገባ ዝም ብሎ ጉሮሮውን የሚያጸዳበት ቤት ነው። ለእናንተ የሚሆነው የተቀላቀለ ደጋፊ የሚመጣበት፣ ተረቡ ሞቅ ያለ፣ ነገር ግን ተረቡ ወደ ስድብ ሲያዘነብል ባለቤቱ በስም ጠርቶ «ተው እንጂ» የሚልበት ቤት ነው፤ ደንበኞቹን በስም የሚያውቅ ባለቤት ከዘበኛ ይሻላል። የጠብ ምንጭ የደጋፊነት ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁም። በአንድ ቅዳሜ የስምንት ጨዋታ ውጤት ገምቶ ገንዘብ ያስያዘ ሰው ከተሸነፈው ቡድን ደጋፊ በላይ ይበሳጫል፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው በኮርነር ብዛት የሚጮህ ከሆነ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነውና ጠረጴዛ ብትቀይሩ አይከፋም።

ስለ ጭስ የጻፋችሁት ነገር ባይኖርም ላንሣው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በተዘጋ ሕዝብ የሚጠቀምበት ቦታ ውስጥ ማጨስ የተከለከለ ነው፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥም እንዲሁ። ይህንን የሚያስከብር ቤት ሌላውንም ነገር የማስከበር ልምድ ያለው ነው። ስለ ዋጋ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ በጨዋታ ቀን የተለየ ዋጋ ወይም መግቢያ መኖሩን፣ በምናሌው ላይ ያለውም ዋጋ 15 በመቶውን ቫት የጨመረ መሆኑን ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሒሳቡንም በየዙሩ ክፈሉ፤ ያን ጊዜ በ90ኛው ደቂቃ አስተናጋጅ ፊታችሁ አይቆምም።

የሰፈር ጉዳይ ካነሣን፣ በፒያሳና በካዛንቺስ የነበሩ ብዙ የቆዩ ቤቶች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አካባቢዎቹ ሲፈርሱ ስለተነሡ፣ የድሮ ሰው የሚነግራችሁን አቅጣጫ ይዛችሁ ብትሄዱ አጥር ታገኙ ይሆናል። ደንበኞቻቸውም በየሰፈሩ ተበትነዋል። ገርጂ ላይ ከዋናው መንገድ ገባ ብለው ያሉትን ግሮሰሪዎች ሳትንቁ ጀምሩ፤ ባለ አንድ ቴሌቪዥንና ባለ አሥር ወንበር ቤት ውስጥ ምሰሶ አይኖርም።

ጥያቄ፦ እኔና እኅቴ የቼልሲ ደጋፊዎች ነን። ቤት ውስጥ ዲኤስቲቪ ስለሌለን ጨዋታ ማየት የምንችለው ውጭ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሴቶች ብቻችንን ስንቀመጥ ያላዘዝነው ቢራ ጠረጴዛችን ላይ ይመጣል፣ «ከዚያ ወንድም ነው» ይባላል፣ ቀጥሎም ወንድምየው ራሱ ይመጣል። ምርጫችን የትልልቅ ሆቴሎች ሎቢ ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እንዲያውም ሎቢው ለኳስ ብዙም አይመከርም። ጸጥታ ታገኛላችሁ፣ የማስተናገዱም ሥርዓት የተሻለ ነው፣ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ከመሆኑ ሌላ አንድ እንግዳ ዜና ማየት ስለፈለገ ብቻ በ70ኛው ደቂቃ ቻናሉ ሊቀየርባችሁ ይችላል፤ ጎል ሲገባ ብትጮኹ ደግሞ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል።

የጻፋችሁት ቢራ ራሱ ቤቱን ለመመዘን ይረዳችኋል። ያላዘዛችሁት መጠጥ ሲመጣ ሳትነኩት «አላዘዝንም፣ ይመለስ» ብላችሁ ለአስተናጋጁ መልሱለት፤ ከዚያም አስተናጋጁ የሚያደርገውን ተመልከቱ። አንሥቶ ወስዶ ላኪውን «አልፈለጉም» ብሎ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከእናንተ ጠረጴዛ ካላነሣ ያ ቤት የሚለመድ ቤት ነው። «ችግር የለውም፣ ጠጡት እንጂ» ካላችሁ ግን እረፍት ላይ ሒሳብ ከፍላችሁ ብትወጡ ትክክል ናችሁ፤ ሁለተኛውን አጋማሽ ለማየት ብላችሁ አትታገሡ።

ሴት ባለቤት ወይም ሴት ካሸር ያለበት ቤት ብትመርጡ፣ ጠረጴዛችሁም ከባንኮኒው ብዙ ባይርቅ ጥሩ ነው፤ በዚያ ቦታ የሚሆነውን ሁሉ የቤቱ ሰው ያየዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀኑ ጨዋታ ሂዱ። አስተናጋጆቹ ፊታችሁን ከለመዱና ስማችሁን ካወቁ በኋላ በማታው ጨዋታ ብትመጡ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተኛ ትታያላችሁ፤ በእኛ አገር ቤተኛን የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው። ሌላው ብዙ ጊዜ የማይጻፍ ነገር መጸዳጃ ቤት ነው። የሴቶቹ ለብቻው መሆኑን፣ በሩ ከውስጥ መቆለፉንና መንገዱ መብራት ያለው መሆኑን ከማዘዛችሁ በፊት አንዳችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ የእረፍቱ ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ያን ጊዜ ፍለጋ መጀመር አይመችም።

ጥያቄ፦ ሰሚት አካባቢ ትንሽ ግሮሰሪ አለኝ። ደንበኞቼ ኳስ ካላሳየህ እያሉ ስላስቸገሩኝ አንድ ቴሌቪዥን ገዛሁ፤ ሆኖም ጎል ከመግባቱ በፊት ከጎረቤት ቤት ጩኸት ይሰማል፣ መብራት ሲጠፋም ሰዉ ተነሥቶ ይሄዳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የጩኸቱ ምክንያት ጎረቤትዎ ጨዋታውን በዲሽ፣ እርስዎ ደግሞ በኢንተርኔት የሚያሳዩ መሆንዎ ይመስለኛል። ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢገኝም ምልክቱ ወጥቶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ አይፈጅበትም፤ በኢንተርኔት የሚመጣው ሥዕል ግን እየተቆራረሰና እየተጠራቀመ ስለሚደርስ ከሃያ ሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላል። በሃያ ሰከንድ ውስጥ ኮርነር ተመትቶ፣ በጭንቅላት ተገጭቶ፣ ጎል ገብቶ ያልቃል። ስለዚህ ወደ ዲሽ ይግቡ፤ ነገር ግን ለመኖሪያ ቤት የተሰጠ ፓኬጅ ለንግድ ቤት ስለማይፈቀድ ለንግድ ቤቶች የተዘጋጀውን ደንበኝነት ይጠይቁ፤ ደንበኞችዎ የሚፈልጓቸው ሊጎች የትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንዳሉም ሳይከፍሉ በፊት ይጣራ። ወደፊት ሁለተኛ ቴሌቪዥን ካስገቡ ሁለቱንም ከአንድ ዲኮደር በስፕሊተር (አንዱን ምልክት ለሁለት በሚያከፋፍል መሣሪያ) ያገናኟቸው፤ ለየብቻ ዲኮደር ካደረጉላቸው ጓዳው ከሳሎኑ ቀድሞ ይጮህና የጎረቤቱ ችግር እቤትዎ ይገባል።

መብራትን በተመለከተ ብዙ ባለቤቶች ጄኔሬተር ገዝተው ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ጄኔሬተሩ በአንድ ደቂቃ ቢነሣም ዲኮደሩ እንደገና ተነሥቶ ሥዕል እስኪያወጣ ተጨማሪ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ሰዉ የሚነሣውም በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ዲኮደሩን ብቻውን በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ካደረጉት ሳይጠፋ ይቆይዎታል፣ ቴሌቪዥኑ እንደበራ ሥዕሉ ወዲያው ይመጣል። ሊጎቹ የሚጀምሩት ደግሞ በነሐሴ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት ነው፤ ከባድ ዝናብ የሳተላይቱን ምልክት ስለሚያዳክመው ሥዕሉ ይቆራረጣል። ዲሹ በትክክል ካልተስተካከለ በካፊያም ይጠፋልና ክረምቱ ሳይገባ ባለሙያ አምጥተው ያስተካክሉት።

በመጨረሻም ከአውሮፓው ኳስ ባሻገር የብሔራዊ ቡድናችንን ጨዋታ እንዳይተዉ እለምንዎታለሁ። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላታቸው ዋልያዎቹ «በሜዳቸው» የሚባለውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወቱ ቆይተዋል፤ ሐሙስ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ባስቆጠሯቸው ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር። ያንን ጨዋታ ትሪቡን ላይ ተቀምጦ ማየት የሚገባው ሕዝብ ያየው በየግሮሰሪው ነው። እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት ስለሚውሉ ቀኑንና ሰዓቱን ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመው በወረቀት ጽፈው በርዎ ላይ ይለጥፉ፤ የሚያሳየውንም ቻናል በዋዜማው ከፍተው ይሞክሩት።